ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ እያየሁ ብድር ላይ ብድር ደራረብኩ፤ ሁሉንም በአንድ ብድር ልጠቅልለው?

ጥያቄ፦ እንቅልፍ ያጣው

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን አመንትቻለሁ። የገንዘብ ችግርን ለሰው መናገር ከባድ ነው። ግን ብቻዬን ሳወጣ ሳወርድ መላው ስለጠፋኝ ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ።

የተጣራ ደሞዜ በወር 16,000 ነው። መጀመሪያ ከባንክ በደሞዜ ብድር ወሰድኩ። ያኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በወር ስንት ይቆረጥብኛል?» የነገሩኝን ቁጥር ከደሞዜ ጋር ሳስተያየው አላስፈራኝም። ፈረምኩ። በጠቅላላው ስንት እንደምመልስ አልጠየቅሁም። ውሉንም አላነበብኩትም። ከዚያ ክሬዲት ካርድ ተጨመረ። ዝቅተኛው ክፍያ ትንሽ ስለነበረ እሱንም ቻልኩት። በኋላ ደግሞ ወሩን መድረስ ሲያቅተኝ በስልክ አፕ የሚሰጥ ብድር ጀመርኩ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ የሚቻል ይመስል ነበር። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ደሞዝ በገባ በሦስተኛው ቀን ኪሴ ባዶ ነው።

የዛሬው ዕዳዬ ይህን ይመስላል፦

የባንኩ ብድር፦ ዋናው 84,000 ቀርቷል። ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ነው። 20 ወር ይቀረዋል፤ በወር 4,813 ይቆረጣል። ዋሴ የሥራ ባልደረባዬ ነው።

ክሬዲት ካርድ፦ 40,000። ወለዱ በወር 3 በመቶ። የምከፍለው ዝቅተኛውን ብቻ ነው፤ ከቀሪው 5 በመቶ፣ አሁን 2,000 ማለት ነው።

የስልኩ ብድር፦ 10,000። ለ30 ቀን ነው፤ የአገልግሎት ክፍያው 800። ቀኑ ሲደርስ ዋናውን መመለስ ስለማልችል 800ውን ከፍዬ አራዝመዋለሁ። እስካሁን 7 ጊዜ አራዝሜያለሁ።

የባለቤቴ ወንድም፦ 15,000። ወለድ የለውም።

አሁን አንድ አበዳሪ ከባለቤቴ ወንድም በስተቀር ሁሉንም በአንድ ልጠቅልልልህ ብሎኛል። ብድሩ 134,000፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 5 ዓመት። ወርሃዊው 3,403 ብቻ ይሆናል። አሁን በየወሩ የምከፍለው 7,613 ነው። ከግማሽ በታች ወረደልኝ ማለት ነው። ሰኞ ልፈርም ቀጠሮ ይዣለሁ። ግን ልቤ አልረጋ አለ። ያለፈውንም የፈረምኩት በወርሃዊው ቁጥር ተታልዬ ነውና።

ባለቤቴ ስለ ካርዱና ስለ ስልኩ ብድር አታውቅም።

የሂሳብ ባለሙያዋ

ወንድሜ፣ ቁጥሩን ሁሉ ሳትደብቅ ስለጻፍክ ደግ አደረግክ። ብዙ ሰው እዚህ እንኳ አይደርስም። እባክህ ሰኞ አትፈርም።

3,403ን በ60 ወር አባዛው። ከ204,000 በላይ ይመጣል። የወሰድከው 134,000 ነው። ስለዚህ ወለዱ ብቻ ከ70,000 ያልፋል። የባንኩን ብድር እንዳለ ይዘህ 20 ወሩን ብትጨርስ ግን ከዚህ በኋላ የምትከፍለው ወለድ 12,250 ገደማ ነው። ያንን ብድር አዲሱ ውስጥ መክተት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። 16 በመቶውን ዘግተህ 18 በመቶ ትገባለህ። 20 ወሩን ትተህ 60 ወር እንደ አዲስ ትጀምራለህ።

ወርሃዊው ያነሰው ብድሩ ስለረከሰ አይደለም። ስለረዘመ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት በምሳሌ ላሳይህ። 100,000 በዓመት 18 በመቶ ተበድረህ በ2 ዓመት ብትመልስ፣ በወር 4,992 ትከፍላለህ። ጠቅላላ ወለዱ 19,800 ገደማ ነው። ያንኑ ብድር 5 ዓመት ብታደርገው ወርሃዊው ወደ 2,539 ይወርዳል። ወለዱ ግን ከ52,000 ይበልጣል። ክፍያው በግማሽ ቀነሰ፤ ወለዱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ከወርሃዊው የሚተርፍህን 4,210 በየወሩ መልሰህ ለዚያው ብድር ብታስገባ ጊዜውም ወለዱም ያጥራል። ውሉ ከፈቀደልህና አንተም ከጨከንክ። ግን እውነቱን እንነጋገር። እጅ ላይ የቀረ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሌላ ወጪ ያገኘዋል።

አሁን የሚበላህ ባንኩ አይደለም። ካርዱና ስልኩ ናቸው። ለካርዱ 2,000 ስትከፍል 1,200ው ወለድ ነው፤ ከዋናው የሚቀነሰው 800 ብቻ። አንድ ዓመት ሙሉ ዝቅተኛውን ብትከፍል ከ21,000 በላይ ታወጣለህ። ዕዳህ ግን ከ40,000 ወደ 31,400 ገደማ ነው የሚወርደው። ያውም ካርዱን አንዴም ሳትጠቀምበት። የስልኩ ደግሞ ይብሳል። በ7 ጊዜ 5,600 ከፍለሃል። ዋናው 10,000 ከቦታው አልተነቃነቀም። በወር 8 በመቶ ማለት በዓመት 96 በመቶ ነው። «አገልግሎት ክፍያ» ስለተባለ ወለድ መሆኑ አይቀርም።

የእኔ ሐሳብ ይኸውልህ። ባንኩን አትንካው። አበዳሪው ከፈቀደ ካርዱንና ስልኩን ብቻ የሚዘጋ 50,000 ጠይቅ፤ ጊዜውን 2 ዓመት አድርገው። በ18 በመቶ ወርሃዊው 2,496 ይሆናል። ከባንኩ ጋር 7,309። ዛሬ ከምትከፍለው 7,613 ያንሳል! በ20 ወር ባንኩ ያልቃል፤ በ24 ወር ሁሉም ያልቃል። የሁለቱ ወለድ ተደምሮ 22,000 ገደማ ነው። ከ70,000 ጋር አስተያየው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ። ካርዱ በተዘጋ ማግስት እንደገና ከሞላ፣ ሁለት ዕዳ ይሆንብሃል። ከኪስህ አውጣው። ስልክህና ግዢ የምትፈጽምባቸው ገጾች ላይ ያስመዘገብከውንም ቁጥር አጥፋው።

አዲስ ገቢ

ለስልኩ ብድር ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። ሲም ካርድህን ቀይርና ተወው። ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ማንም አይከስህም።

በብድር ክፍል የሠራሁ

ይህን ምክር አትስማ። ለመካሪውም ክፉ አስቤ አይደለም፤ ዕዳ ጠፍቶ እንደማይቀር ብዙ ዓመት ስላየሁ ነው። ስታመለክት የተመዘገበው ሲም ካርዱ ብቻ አይደለም። ማንነትህም ተመዝግቧል። አበዳሪዎች የተበዳሪን ታሪክ በሚለዋወጡበት ቦታ ሁሉ ያልተከፈለ ትንሽ ብድር እንደ ትልቁ ይታያል። ቤት ልትገዛ ስትሄድ ያ 10,000 ከፊትህ ይቆማል። ቅጣቱም በየቀኑ ይጨመራል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ወንድሜ። ብድር ክፍል ውስጥ ስሠራ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣ ነበር። አንዱ ክፍያ ሳያልፈው መጥቶ «የሚቀጥለው ወር ይከብደኛል» ይላል። ሌላው ሦስት ወር ስልክ ሳያነሳ ቆይቶ፣ ደብዳቤ ሲደርሰው ይመጣል። ለመጀመሪያው ብዙ ነገር ማድረግ እንችል ነበር። ጊዜ ማራዘም፣ የክፍያ ቀኑን ደሞዝ ከሚገባበት ቀን ጋር ማስተካከል፣ ለጥቂት ወራት ወለዱን ብቻ ማስከፈል። ለሁለተኛው ግን ፋይሉ ከእጃችን ወጥቶ ነበር። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። አፍሮ ነው። ያ ሐፍረት ብዙ ሰው ቤቱን ሲያሳጣው አይቻለሁ። ገና አንድም ክፍያ አላለፈህም። ይህ ትልቅ አቅም ነው፤ ተጠቀምበት።

ክፍያ ካለፈ በኋላ ምን እንደሚሆን ብዙ ሰው አያውቅም። በአብዛኛው ውል ላይ የምታስገባው ገንዘብ መጀመሪያ ቅጣቱን፣ ቀጥሎ ወለዱን፣ በመጨረሻ ዋናውን ነው የሚነካው። ለዚህ ነው ሰው «ስከፍል ከርሜ ዕዳዬ አልቀነሰም» የሚለው። ተጨማሪ ገንዘብ ስታስገባም «ለዋናው ይያዝልኝ» ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ። አለዚያ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ቅድሚያ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል።

አዲስ ብድር የምትወስድ ከሆነ ወለዱ በምን ላይ እንደሚታሰብ ጠይቅ። በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ መጀመሪያ በወሰድከው ሙሉ ገንዘብ ላይ? 100,000 ለ1 ዓመት በ12 በመቶ ወሰድክ እንበል። በሙሉው ላይ ከታሰበ ወለዱ 12,000 ነው። እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ላይ ከታሰበ ግን 6,600 ገደማ። ሁለቱም «12 በመቶ» ይባላሉ! የመጀመሪያው በቀሪው ላይ ሲሰላ ወደ 21.5 በመቶ ይጠጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየወሩ ስለምትመልስ ያ 100,000 ዓመቱን ሙሉ እጅህ ላይ አልነበረም። የማስኬጃ ክፍያውን፣ የኢንሹራንሱን፣ ቀድሞ የመዝጊያ ቅጣቱንም ጠይቅና ደምር። ብድር ስትዘጋ ደግሞ የመዝጊያ ደብዳቤ ሳትይዝ አትውጣ።

ዋስ ሆኜ የከፈልኩ

ሌሎቹ ስለ ወለድ በደንብ ነግረውሃል። እኔ ስለ ባልደረባህ ልንገርህ፤ በእሱ ቦታ ነበርኩና።

ለአንድ ወዳጄ ዋስ ሆንኩ። ስፈርም «ፎርማሊቲ ነው» አለኝ። እኔም አላነበብኩም። ከ14 ወር በኋላ ደሞዜ ላይ ተቆርጦ አየሁት። ሳጣራ እሱ ለ5 ወር አልከፈለም። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ነበረበት። ትርጉሙን ያኔ ነው የተማርኩት። አበዳሪው መጀመሪያ ተበዳሪውን አሳዶ፣ አጥቶት፣ ከዚያ ወደ እኔ የመምጣት ግዴታ የለበትም። ከሁለታችን የፈለገውን ለሙሉው ዕዳ መጠየቅ ይችላል። እኔ ደሞዜ የታወቀ ስለነበረ ቀለልኩለት።

ገንዘቡን ከፍዬ ጨረስኩ። ያን ያህል አልጎዳኝም። የጎዳኝ አለመንገሩ ነው። በየቀኑ ቢሮ እንገናኝ ነበር፤ ሰላም እያለኝ ያልፍ ነበር። ቀድሞ «ተቸግሬያለሁ» ቢለኝ ኖሮ አብረን አንድ መላ እንፈልግ ነበር። ወዳጅነታችን እዚያው ላይ ቆመ።

ስለዚህ ባልደረባህን ዛሬ ወይም ነገ አናግረው። «እስካሁን አላለፈኝም፤ እንዲህ ላደርግ ነው፤ ቢከብደኝ ቀድሜ እነግርሃለሁ» በለው። ይህን ያህል ብቻ።

የሁለት ልጆች እናት

እኔ የተደበቀባት ሚስት ነበርኩ። ስለዚህ ከዚያ ወገን ልጻፍልህ።

የባለቤቴን ዕዳ ያወቅሁት በር ላይ በመጣ ደብዳቤ ነው። ለብዙ ሳምንት የገንዘቡ መጠን አልነበረም የሚያስለቅሰኝ። ያለፉትን ወራት አንድ በአንድ እያስታወስኩ ነበር የማለቅሰው። ያኔ ራት ላይ ዝም ያለው ለዚህ ነበር። ያኔ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ የወጣው ለዚህ ነበር። ደግሞ እኔ ሳላውቅ ወጪ ስጨምር ዝም ብሎኛል። ብነገር ኖሮ እቀንስ ነበር። ልጆቹም ቢሆኑ ይረዱ ነበር።

ወንድሜ፣ ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት አንተው ንገራት። ሁሉንም በአንድ ቀን ንገራት። ግማሹን ነግረህ ግማሹን ብታስቀር፣ ሁለተኛው ሲወጣ የመጀመሪያውንም አታምንህም። ወረቀቱን ይዘህ ተቀመጥ፤ እዚህ የጻፍከውን ያንኑ አሳያት። የወንድሟንም ጨምር። ወለድ የሌለው ዕዳ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በቤተሰብ መካከል ግን እንደዚያ አይደለም።

ትቆጣ ይሆናል። ተዋት ትቆጣ። መልስ አትስጥ፣ ምክንያት አትደርድር።

እንቅልፍ ያጣው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሁለት ልጆች እናት፣ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሼ፣ የክፍያውን ቅደም ተከተል የሚናገረውን አንቀጽ ውሌ ላይ ፈልጌ አገኘሁት፤ ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው።

የሰኞውን ቀጠሮ ሰርዣለሁ። 50,000 ብቻ ስጠኝ ብዬ ጠየቅሁ። አልፈቀደም። የአሁኑ ክፍያህ ከደሞዝህ ግማሽ ገደማ ስለሆነ ባንኩ ሳይዘጋ ተጨማሪ አንሰጥም አለኝ። እህቴ፣ ትንሹ ብድር ካልተገኘስ ምን ላድርግ?

የሂሳብ ባለሙያዋ

አለመፍቀዱ ምናልባት ጠቅሞሃል። ትናንት ማታ ቁጥሮችህን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ያለ ምንም አዲስ ብድር የሚወጣ መንገድ አለ።

አንድ ጊዜ ብቻ 10,000 ማግኘት አለብህ። የስልኩን ለመዝጋት። የማትጠቀምበት ዕቃ ካለ ሽጥ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ካለ ያዝ። ሰው ዕዳ ሲከፍል አንዱ ከከፍተኛው ወለድ ይጀምራል፣ ሌላው ልቡ እንዲበረታ ከትንሹ ይጀምራል። ያንተ ነገር ቀላል ነው። የስልኩ ብድር ወለዱም ትልቁ፣ መጠኑም ትንሹ ነው። ከወለድ ነጻ የሆነውን የባለቤትህን ወንድም ሳትቆጥር ማለቴ ነው።

እሱ ሲዘጋ በየወሩ የሚባክነው 800 ነጻ ይወጣል። ያንን ወደ ካርዱ አዙረው። 2,000ው 2,800 ሆነ። አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ ዝቅተኛው ክፍያ በየወሩ እየቀነሰ ይመጣልሃል፤ አንተ ግን አትቀንስ። ሁልጊዜ 2,800 ክፈል። ካርዱ በ19ኛው ወር ይዘጋል። ዝቅተኛውን እየተከተልክ ብትሄድ በዚያው 19ኛ ወር ገና 27,000 ገደማ ይቀርህ ነበር።

ባንኩ 4,813፣ ካርዱ 2,800። ድምሩ 7,613። ዛሬ የምትከፍለው ያንኑ ነው! አንድ ሳንቲም ሳትጨምር በ20 ወር ከሁለቱም ትወጣለህ። የሁለቱ ወለድ 25,000 ገደማ ይሆናል። ከትንሹ ብድር በጥቂቱ ይበልጣል፤ ግን አዲስ ፊርማ የለበትም፣ የማስኬጃ ክፍያ የለበትም።

የባንኩ ክፍያ በ20ኛው ወር ሲያልቅ ከ4,813ው ላይ የባለቤትህን ወንድም በ4 ወር መክፈል ትችላለህ። እስከዚያ ግን ሄደህ ቀኑን ንገረው። ዝም አትበለው።

በብድር ክፍል የሠራሁ

ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ 10,000ው ቶሎ ካልተገኘ የስልኩን አበዳሪ በከፊል መቀበል ይችል እንደሆነ ጠይቅ። አንዳንዶቹ ዋናውን በ3 ወይም በ4 ክፍያ ይከፋፍላሉ፤ ካልጠየቅካቸው ግን አይነግሩህም። ዋናው በቀነሰ መጠን ክፍያው መቀነሱን አረጋግጥ። የካርዱንም ጣሪያ አስቀንስ። ደውለህ መጠየቅ ይበቃል።

እንቅልፍ ያጣው

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። ቅዳሜ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ። ወረቀቱን ከፊቷ አስቀመጥኩ። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ወጣች፤ የማትመለስ መስሎኝ ነበር። እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰችና «ወንድሜ ጋ ያለውን እኔ እነግረዋለሁ» አለች። ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሬን እንሽጠው ያለችው እሷ ናት። 7,500 ተሸጠ። 2,500ውን ከራሷ ቁጠባ ጨመረች። ይህን ስጽፍ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

የስልኩ ብድር ተዘግቷል። የመዝጊያ ማረጋገጫውን ይዤያለሁ፤ አፑንም አጥፍቼዋለሁ። ለካርዱ የመጀመሪያውን 2,800 ከፈልኩ። ጣሪያውን አስቀንሻለሁ፤ ካርዱ ባለቤቴ ጋ ነው። ባልደረባዬንም አናገርኩት። «ጠርጥሬ ነበር፤ ስለነገርከኝ ግን ደስ ብሎኛል» አለኝ።

ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። ከላይ የካርዱ ቀሪ፣ ከታች የባንኩ። ባለቤቴ ናት የምትሞላው። የካርዱ ቁጥር አሁን 38,400 ነው።